ፖዶክኔሚዲዴ (የወንዝ ኤሊዎች አስተኔ)

ፖዶክኔሚዲዴ በሞቃታማ አገሮች ወንዞችና ሐይቆች የሚኖሩ፣ አንገታቸውን ወደ ጎን አጥፈው ራሳቸውን ከቅርፊታቸው ጠርዝ ሥር የሚደብቁ ኤሊዎች አስተኔ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች 8 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ሰባቱ በደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ በማዳጋስካር ደሴት ይገኛሉ። ከቅሪተ አካል ብቻ የሚታወቁት የጠፉ ዝርያዎች ግን ከ30 በላይ ሲሆኑ፣ አጥንታቸው በአፍሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በካሪቢያን ደሴቶች ጭምር ተገኝቷል። እስካሁን ከሚታወቁት የጨው አልባ ውኃ ኤሊዎች ሁሉ ትልቁ የሆነው ስቱፔንደሚስ ከዚህ አስተኔ ነው።

በሕይወት ካሉት መካከል ትልቁ የአራው ኤሊ ነው። ይህ ኤሊ በአማዞንና በኦሪኖኮ ወንዞች አሸዋ ላይ በሺዎች ሆኖ እንቁላል የመጣል ልማድ አለው። ይኸው ልማዱ ለብዙ ዘመናት ለእንቁላል ለቃሚዎችና ለአዳኞች ቀላል ሲሳይ አድርጎታል። ዛሬ ዝርያው በብዛት የሚገኘው ሰዎች የአሸዋ ዳርቻዎቹን በሚጠብቁባቸው ቦታዎች ነው።

## ስያሜ

የአስተኔው ስም የተወሰደው ፖዶክኔሚስ ከተባለው ወገን ነው። ይህን የወገን ስም በ1830 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ዮሐን ቫግለር ነው። ቃሉ የተሠራው «እግር» እና «የቅልጥም መከላከያ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ሲሆን፣ በኤሊዎቹ የኋላ እግር ላይ የሚታዩትን ሰፋፊ ቅርፊቶች ያመለክታል።

በአማርኛ «ኤሊ» የሚለው ስም በየብስ የሚኖሩትንም በውኃ የሚኖሩትንም ያጠቃልላል። በዚህ መጣጥፍ የሚነገረው ስለ ውኃዎቹ ብቻ ነው። በደቡብ አሜሪካ ያሉ ሕዝቦች ለየዝርያው የየራሳቸው ስም አላቸው። ትልቁን ዝርያ በኦሪኖኮ አካባቢ «አራው»፣ በፔሩና በአካባቢዋ «ቻራፓ»፣ በብራዚል ደግሞ «ታርታሩጋ» ይሉታል።

## የአካል ገጽታ

ኤሊዎች አንገታቸውን በሚሰበስቡበት መንገድ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። አብዛኞቹ ኤሊዎች አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ወደ ቅርፊታቸው ውስጥ ይስባሉ። የጎን አንገት ኤሊዎች የሚባሉት ግን እንዲህ ማድረግ አይችሉም፤ አንገታቸውን እንደ ክርን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አጥፈው ከላይኛውና ከታችኛው ቅርፊት መካከል ያስገባሉ። የዳሌ አጥንታቸውም ከቅርፊቱ ጋር የተዋሐደ ነው። ፖዶክኔሚዲዴ በሕይወት ካሉት ሦስት የጎን አንገት ኤሊዎች አስተኔዎች አንዱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ በደቡብ አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ የሚኖሩት ኬሊዴ እና በአፍሪካ የሚኖሩት ፔሎሜዱሲዴ ናቸው።

የአስተኔው አባላት ቅርፊት ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለና ለመዋኘት የተመቸ ነው። የእግር ጣቶቻቸው በቆዳ የተያያዙ ናቸው። በፖዶክኔሚስ ወገን ሴቶቹ ከወንዶቹ በጣም ይበልጣሉ። በፔልቶከፋለስ ወገን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ወንዱ ከሴቷ ይበልጣል።

## በሕይወት ያሉ ዝርያዎች

በሕይወት ያሉት 8 ዝርያዎች በሦስት ወገኖች ይመደባሉ፦ ፖዶክኔሚስ (6 ዝርያዎች)፣ ፔልቶከፋለስ (1 ዝርያ) እና ኤሪምኖኬሊስ (1 ዝርያ)።

### አራው ኤሊ (ፖዶክኔሚስ ኤክስፓንሳ)

በአማዞን፣ በኦሪኖኮና በኤሴኪቦ ወንዞች ተፋሰሶች ይኖራል። ትልልቅ ሴቶች የቅርፊታቸው ርዝመት 1 ሜትር ሊደርስ፣ ክብደታቸውም እስከ 90 ኪሎ ግራም ሊሆን ይችላል። ወንዶቹ የዚህን ግማሽ ያህል እንኳ ርዝመት የላቸውም ማለት ይቻላል። ምግባቸው በዋነኛነት ፍራፍሬ፣ ዘር፣ ቅጠልና የውኃ ተክል ነው። ወንዙ ሞልቶ ጫካውን ሲያጥለቀልቅ ኤሊዎቹ ወደ ዛፎቹ መካከል ገብተው የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ። ውኃው ሲጎድል ወደ ዋናው ወንዝ ተመልሰው ረጅም መንገድ በመጓዝ እንቁላል ወደሚጥሉበት አሸዋ ይሄዳሉ።

### ቢጫ ነጠብጣብ ኤሊ (ፖዶክኔሚስ ዩኒፊሊስ)

በብራዚል «ትራካዣ»፣ በፔሩ «ታሪካያ» ይባላል። በአማዞንና በኦሪኖኮ ተፋሰሶች በሰፊው የሚገኝ ዝርያ ነው። ስሙን ያገኘው በጫጩቶቹና በወንዶቹ ራስ ላይ ከሚታዩት ደማቅ ቢጫ ነጠብጣቦች ነው፤ ሴቶቹ ሲያድጉ ነጠብጣቡ ይደበዝዛል። ከአራው ኤሊ በተለየ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ እንቁላል የሚጥሉት ለየብቻ ወይም በጥቂቱ ተሰብስበው ሲሆን፣ ከአሸዋ ሌላ የሸክላ አፈር ዳርቻንም ይጠቀማሉ። ይህ ዝርያ በውኃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ምግብ አፉን ከፍቶ ከውኃው ጋር እየሳበ መመገብ ይችላል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ ተጋላጭ ተብሎ ተመድቧል።

### ባለ ስድስት ጉብታ ኤሊ (ፖዶክኔሚስ ሴክስቱበርኩላታ)

በአማዞን ተፋሰስ የሚኖር አነስተኛ ዝርያ ነው። በታችኛው ቅርፊቱ ላይ ስድስት ጉብታዎች አሉት፤ እነዚህም በተለይ በትንንሾቹ ላይ በግልጽ ይታያሉ። የአራው ኤሊ በተመናመነባቸው ቦታዎች አዳኞች ወደዚህና ወደ ቢጫ ነጠብጣቡ ኤሊ ፊታቸውን አዙረዋል።

### ቀይ ራስ ኤሊ (ፖዶክኔሚስ ኤሪትሮሴፋላ)

ውኃው እንደ ሻይ በጠቆረው በኔግሮ ወንዝና በአካባቢው ይኖራል። የወንዶቹ ራስ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ምልክት አለው። የቅርፊቱ ርዝመት ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

### የማግዳሌና ወንዝ ኤሊ (ፖዶክኔሚስ ሌውያና)

በኮሎምቢያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በማግዳሌናና በሲኑ ወንዞችና በአቅራቢያቸው ባሉ ተፋሰሶች ይኖራል። ከስድስቱ የፖዶክኔሚስ ዝርያዎች ከአንዲስ ተራሮች በስተ ምዕራብ የሚኖረው ይህ ብቻ ነው፤ ተራሮቹ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ከምሥራቁ ዘመዶቹ ተለይቶ ቀርቷል። የሚኖርባቸው ተፋሰሶች የኮሎምቢያ ሕዝብ በብዛት የሰፈረባቸው በመሆናቸው አደን፣ የእርሻ መስፋፋት፣ ብክለትና ግድብ ተደራርበውበታል። ኃይል ማመንጫ ግድቦች ውኃ በድንገት ሲለቁ በወንዙ ዳር የተቀበረው እንቁላል ይጥለቀለቃል። ዝርያው ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተመዝግቧል።

### የሣር ሜዳ ኤሊ (ፖዶክኔሚስ ቮግሊ)

በኮሎምቢያና በቬኔዝዌላ በሚገኘው ያኖስ በተባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ይኖራል። በዝናብ ወቅት ሜዳው በውኃ ሲሸፈን በየኩሬው ይሰራጫል፤ በበጋ ውኃው ሲደርቅ በቀሩት ጥቂት ኩሬዎችና ወንዞች ይሰበሰባል። ቅርፊቱ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው።

### ትልቅ ራስ የአማዞን ኤሊ (ፔልቶከፋለስ ዱሜሪሊያኑስ)

በብራዚል «ካቤሱዱ» ይባላል፤ «ራሰ ትልቅ» ማለት ነው። የወገኑ የግሪክ ስምም «ጋሻ ራስ» የሚል ትርጉም አለው። መንጋጋው በጣም ጠንካራና ጫፉ የተቆለመመ በመሆኑ ይዘውት ያልተጠነቀቁትን ክፉኛ ይነክሳል። ጥቁር ውኃ ባላቸው ወንዞችና በጫካ ውስጥ ባሉ ጅረቶች ይኖራል፤ የዘንባባ ፍሬ፣ ዓሣና ሌሎች ትንንሽ እንስሳትን ይመገባል። እንቁላሉን በጋራ ዳርቻ ላይ ሳይሆን በጫካው መሬት ውስጥ ለየብቻው ስለሚቀብር ጎጆውን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

### የማዳጋስካር ትልቅ ራስ ኤሊ (ኤሪምኖኬሊስ ማዳጋስካሪየንሲስ)

የማዳጋስካር ሰዎች «ሬሬ» ይሉታል። በደሴቲቱ ምዕራባዊ ዝቅተኛ ቦታዎች በሚገኙ ወንዞችና ሐይቆች ብቻ የሚኖር ሲሆን፣ በፈረንሳዊው አልፍሬድ ግራንዲዲየር በ1867 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ተገልጿል። ከደቡብ አሜሪካ ውጭ በሕይወት የቀረው ብቸኛው የአስተኔው አባል ነው። ሴቶቹ እንቁላል የሚያዘጋጁት በየሁለት ዓመቱ መሆኑ ከአደን በኋላ ቁጥራቸው ቶሎ እንዳያገግም ያደርጋል። ሰዎች ለሥጋው ያጠምዱታል፤ ለዓሣ በተዘረጋ መረብ ተይዞም ይሞታል፤ ረግረጋማ ቦታዎች ወደ ሩዝ እርሻነት ሲቀየሩም መኖሪያውን ያጣል። እርሱም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች አንዱ ነው።

## የጠፉ ዝርያዎች

### በደቡብ አሜሪካ

የአስተኔው ቅሪተ አካል በብዛት የተገኘው በደቡብ አሜሪካ ነው። በሰሜን ኮሎምቢያ በሴሬሆን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ የ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ኤሊዎች ተገኝተዋል። ከነዚህ አንዱ በ2012 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ካርቦኔሚስ ነው፤ ስሙ «የከሰል ኤሊ» ማለት ሲሆን ቅርፊቱ 1.72 ሜትር ይረዝማል። ይህ ኤሊ የኖረው ዳይኖሰሮች ከጠፉ 5 ሚሊዮን ዓመታት ያህል በኋላ፣ ቲታኖቦዋ ከተባለው ግዙፍ እባብ ጋር በአንድ ረግረግ ነበር። ከዚያው ቦታ የተገኘ ሌላ ኤሊ ሴሬሆኔሚስ ዋዩናይኪ ተብሏል፤ የዝርያ ስሙ በአካባቢው የሚኖሩት የዋዩ ሕዝብ ቋንቋ ስም ነው።

ከሁሉም የገዘፈው ስቱፔንደሚስ ጂኦግራፊከስ ነው። በቬኔዝዌላ ኡሩማኮ በተባለ ደረቅ ስፍራ ከተገኘ ቅሪት በመነሳት በ1976 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሮጀር ውድ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ካዴናና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2.4 ሜትር የማያንስ ቅርፊት ያለው አካል ተገልጿል፤ ክብደቱም ከ1 ቶን በላይ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል። አንዳንዶቹ ቅርፊቶች ከአንገት ግራና ቀኝ ወደ ፊት የወጡ ቀንድ መሰል ነገሮች አሏቸው፤ ሌሎቹ ግን የላቸውም። ተመራማሪዎቹ ቀንዳሞቹ ወንዶች እንደነበሩና በፍልሚያ ጊዜ ራሳቸውን ይከላከሉበት እንደነበር አስበዋል። በቅርፊቶቹ ላይ የንክሻ ምልክት ተገኝቷል፤ በአንዱ ላይ የአዞ ዘመድ ጥርስ ተሰክቶ ቀርቷል። በዚያ ዘመን በአካባቢው ፑሩሳውረስ የተባለ ግዙፍ የካይማን ዓይነት ይኖር ነበርና ያን የሚያክል ቅርፊትም ሙሉ መከላከያ አልነበረም።

ስቱፔንደሚስ በሚዮሲን ዘመን፣ ከ13 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ኖሯል። ያኔ ሰሜናዊው ደቡብ አሜሪካ በሰፋፊ ሐይቆችና ረግረጎች የተሸፈነ ነበር። የአንዲስ ተራሮች ከፍ ማለት የወንዞቹን አካሄድ ሲቀይር ይህ የውኃ ምድር ተበጣጠሰ፤ ግዙፎቹ ኤሊዎችም ጠፉ። ዛሬ ቅሪታቸው የሚቆፈርባቸው ኡሩማኮና በኮሎምቢያ የሚገኘው ታታኮዋ ውኃ የራቃቸው ደረቅ ቦታዎች ናቸው።

ግዙፍ ኤሊዎች ግን በዚያ ዘመን ፈጽመው አላለቁም። በብራዚል ሮንዶኒያ ክፍለ ሀገር፣ በፖርቶ ቬልዮ አቅራቢያ ወርቅ በሚወጣበት ቦታ አንድ ትልቅ የኤሊ የታችኛው መንጋጋ ተገኘ። በ2024 እ.ኤ.አ. ፔልቶከፋለስ ማቱሪን ተብሎ ተሰይሟል፤ ማቱሪን በአሜሪካዊው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ ልብ ወለዶች ውስጥ ያለ ግዙፍ ኤሊ ስም ነው። ከመንጋጋው መጠን በመነሳት የቅርፊቱ ርዝመት 1.8 ሜትር አካባቢ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። ዕድሜው ከ40,000 እስከ 9,000 ዓመት መሆኑ ሲገለጽ፣ በአማዞን ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥያቄ ተነሥቷል። የቅርብ ዘመዱ ዛሬም በሕይወት ያለው ትልቅ ራስ የአማዞን ኤሊ ነው፤ እርሱ ግን የዚህን ሲሶ ያህል እንኳ አይረዝምም።

በፖዶክኔሚስ ወገን ውስጥም የጠፉ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል የፔሩው ፖዶክኔሚስ ባስለሪ፣ የኮሎምቢያዎቹ ፖዶክኔሚስ ሜዴሚና ፖዶክኔሚስ ፕሪቻርዲ እንዲሁም የብራዚሉ ፖዶክኔሚስ ኔግሪ ይጠቀሳሉ።

### በአውሮፓ፣ በእስያና በካሪቢያን

በኢዮሲን ዘመን አውሮፓ ከዛሬው ይልቅ ሞቃታማ ነበረች። በዚያን ጊዜ ኔዮኬሊስ የተባለ የዚህ አስተኔ ወገን በዛሬዎቹ ስፔን፣ ፈረንሳይና ጀርመን ይኖር ነበር፤ በቅሪተ አካል ሀብቱ ዝነኛ ከሆነው የጀርመኑ ሜሰል ጉድጓድም ተገኝቷል። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የጎን አንገት ኤሊዎች ከአውሮፓ ጠፍተዋል። በእስያ ደግሞ ሽዌቦኤሚስ የተባለው ወገን ከምያንማር ይታወቃል። በፖርቶ ሪኮና በቬኔዝዌላ የተገኘው ባይርደሚስ በባሕር ዳርቻ የጨው ውኃ ውስጥ ይኖር እንደነበር ቅሪቱ የተገኘባቸው ድንጋዮች ያሳያሉ። የአስተኔው ጥንታዊ አባላት ሁሉ በወንዝ ብቻ የተወሰኑ አለመሆናቸው እንዴት በብዙ አህጉራት ሊሰራጩ እንደቻሉ በከፊል ያስረዳል።

### በአፍሪካ

በደቡብ አሜሪካና በማዳጋስካር መካከል አፍሪካ በሙሉና አትላንቲክ ውቅያኖስ አሉ። የአስተኔውን የዛሬ አኗኗር ብቻ የሚያይ ሰው የማዳጋስካሩ ኤሊ የቅርብ ዘመዶች በአማዞን መሆናቸው ግራ ሊያጋባው ይችላል። መልሱ ያለው በአፍሪካ ቅሪተ አካላት ውስጥ ነው። በግብፅ ፋዩም በተባለው አካባቢ ስቴሬዮጌኒስና ዳክዌሚስን የመሳሰሉ የአስተኔው ወገኖች ተገኝተዋል። በሰሜን ኬንያ በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ደግሞ በሎታጋም ቱርካኔሚስ ፓተርሶኒ፣ ከዚያም በኋላ ከነበረው የፕሊዮሲን ዘመን ኬንየሚስ ዊሊያምሲ ተለይተዋል። የቱርካና ሐይቅ አብዛኛውን ውኃውን የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ከሚፈሰው ከኦሞ ወንዝ ነው። ስለዚህ የአስተኔው አባላት ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ውኃዎች ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በአፍሪካ አህጉር ላይ የዚህ አስተኔ ዝርያ የለም። ቦታው ባዶ ግን አይደለም፤ የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑት የፔሎሜዱሲዴ ኤሊዎች ከሰሃራ በስተ ደቡብ በስፋት ይገኛሉ። በኢትዮጵያም የፔሎሜዱሳ ወገን ኤሊዎች በየኩሬውና በየወንዙ ይኖራሉ፤ እነርሱም አንገታቸውን ወደ ጎን ያጥፋሉ።

## መራባት

የአራው ኤሊ አረባብ ከሌሎቹ ይልቅ በደንብ ተጠንቷል። በበጋ የወንዙ ውኃ ሲቀንስ ሰፋፊ የአሸዋ ዳርቻዎች ይጋለጣሉ። ሴቶቹ በመጀመሪያ በዳርቻው አጠገብ በውኃው ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ለቀናትም ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት በመቶዎችና በሺዎች ሆነው ወደ አሸዋው ይወጣሉ። እያንዳንዷ ሴት ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት ሊኖረው የሚችል ጉድጓድ ትቆፍርና 100 ገደማ እንቁላል ጥላ አሸዋውን መልሳ ትደፍነዋለች። ቦታው ሲጣበብ የኋለኞቹ የፊተኞቹን እንቁላል ቆፍረው የሚያወጡበት ጊዜም አለ።

እንቁላሉ እንደ አሸዋው ሙቀት ከ45 እስከ 60 ቀን አካባቢ ይቆያል። የጫጩቱን ፆታ የሚወስነው ይኸው ሙቀት ነው፤ አሸዋው በጣም ሲሞቅ ሴቶች፣ ቀዝቀዝ ሲል ወንዶች ይበዛሉ። በዚህ ምክንያት የአየር ሙቀት መጨመር የሴትና የወንድ ቁጥርን ሚዛን ሊያዛባ ይችላል። ወንዙ ከወትሮው ቀድሞ ሲሞላም ያልተፈለፈለው እንቁላል በውኃ ተውጦ ይበላሻል።

ጫጩቶቹ ከአሸዋው ወጥተው ወደ ውኃው ሲሮጡ ጥምብ አንሳዎች፣ ውኃው ውስጥ ከገቡ በኋላም ዓሣዎችና ካይማኖች ይጠብቋቸዋል። ከመቶው እንቁላል ለአካለ መጠን የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህን ኪሳራ የሚያካክሰው ለአካለ መጠን የደረሰችው ሴት ለብዙ ዓመታት እየተመላለሰች እንቁላል መጣሏ ነው። ስለዚህ አንዲት ትልቅ ሴት ስትገደል የሚጠፋው የአንድ ዓመት እንቁላል ብቻ ሳይሆን ወደፊት ልትጥለው ትችል የነበረው ሁሉ ነው።

## በድምፅ መግባባት

ኤሊዎች ድምፅ አልባ ተደርገው ይታዩ ነበር። በብራዚል ትሮምቤታስ ወንዝ ላይ ካሚላ ፌራራ፣ ሪቻርድ ቮግትና ባልደረቦቻቸው ውኃ ውስጥ በሚገባ የድምፅ መቅጃ ያካሄዱት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. በታተሙት ጽሑፎቻቸው መሠረት የአራው ኤሊዎች የተለያዩ ዝቅተኛ ድምፆችን ያሰማሉ። ጫጩቶቹ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳሉ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ይህም በአንድነት ለመውጣት ሳይረዳቸው አይቀርም። ሴቶቹም እንቁላል ከጣሉ በኋላ በዳርቻው አጠገብ ይቆያሉ፤ ጫጩቶቹ ውኃ ሲገቡም ድምፅ ተለዋውጠው አብረዋቸው ወደ ጫካው ይጓዛሉ። በኤሊዎች ዘንድ እናት ከተፈለፈሉ በኋላ ከልጆቿ ጋር እንደምትቆይ የሚያመለክት ማስረጃ ከዚህ በፊት አልታወቀም ነበር።

## ኤሊዎቹና ሰው

የአማዞን ነባር ሕዝቦች ኤሊ ሥጋና እንቁላል ሲመገቡ ኖረዋል። በ1541 እና 1542 እ.ኤ.አ. ከፍራንሲስኮ ደ ኦሬያና ጋር ወንዙን የወረደው መነኩሴ ጋስፓር ደ ካርቫሃል፣ በወንዙ ዳር መንደሮች ሰዎች ኤሊዎችን በአጥርና በኩሬ ውስጥ አኑረው እንደሚያቆዩ ጽፏል። ኤሊው ሳይታረድ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል ወንዙ ሞልቶ አደን በሚቸግርበት ወቅት የምግብ ዋስትና ነበር።

ከቅኝ ግዛት በኋላ የእንቁላሉ ዘይት ሸቀጥ ሆነ። እንቁላሉ ተሰብሮ በውኃ ይመታና ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ተቀፎ ይፈላል። ዘይቱ ለምግብና ለመብራት ያገለግል ነበር። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1800 እ.ኤ.አ. በኦሪኖኮ ዳርቻዎች ይህን ሥራ ተመልክቶ፣ በየዓመቱ 5,000 ማሰሮ ዘይት ለማውጣት 33 ሚሊዮን ያህል እንቁላል እንደሚያስፈልግና ይህም የ330,000 ሴቶች እንቁላል እንደሆነ አስልቷል። ከእርሱ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አማዞንን ያጠናው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ደግሞ በላይኛው አማዞንና በማዴይራ ወንዝ በዓመት የሚጠፋውን እንቁላል 48 ሚሊዮን ገምቷል። ከዚህም በላይ ወደ አሸዋው የወጡት ሴቶች ይገለበጡና ለገበያ ይወሰዱ ነበር፤ የተገለበጠ ኤሊ ማምለጥ አይችልምና። ሁለቱ ተግባራት ሲደመሩ ኤሊዎቹ ይታወቁባቸው ከነበሩ ብዙ ዳርቻዎች ጠፉ።

## ጥበቃ

በብራዚል የዱር እንስሳትን ለንግድ ማደን በ1967 እ.ኤ.አ. በሕግ ተከልክሏል። በ1979 እ.ኤ.አ. የአማዞን ኤሊዎች ፕሮግራም ተመሠረተ፤ ሥራውም ዳርቻዎችን መጠበቅ፣ በውኃ ሊዋጡ የተቃረቡ ጎጆዎችን ወደ ከፍታ ማዛወርና ጫጩቶችን ወደ ወንዝ መልቀቅ ነው። በዚያው ዓመት በትሮምቤታስ ወንዝ ላይ የተከለለ ሥፍራ ተቋቋመ። በፔሩ ፓካያ ሳሚሪያ የተከለለ ቦታ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች የታሪካያን እንቁላል ወደተሠሩ የአሸዋ መደቦች ያዛውራሉ፤ ጫጩቶቹን ወደ ውኃ ይለቃሉ፤ በፈቃድ ከተወሰነው ድርሻም ገቢ ያገኛሉ።

የጥበቃው ውጤት በቁጥር የታየበት ቦታ በምዕራብ ብራዚል የሚገኘው ዡሩዋ ወንዝ ነው። በዚያ የመንደር ነዋሪዎች ራሳቸው ዳርቻዎቹን ይጠብቃሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጥበቃ በሚደረግባቸው ዳርቻዎች በሰው የተዘረፉት ጎጆዎች ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ጥበቃ በሌለባቸው ዳርቻዎች ግን ከመቶ 99 ያህሉ ተዘርፈዋል። በተጠበቁት ዳርቻዎች የበዙት ኤሊዎች ብቻ አይደሉም፤ ሌሎች ወፎች፣ ዓሣዎችና ካይማኖችም ተጠቅመዋል። ጥናቱ ጠባቂዎቹ ለዚህ አድካሚና አደገኛ ሥራ የሚያገኙት ክፍያ እጅግ አነስተኛ መሆኑንም ገልጿል።

ትልቁ የታወቀ የአራው ኤሊ ስብስብ ብራዚልንና ቦሊቪያን በሚያዋስነው ጓፖሬ ወንዝ ላይ ይገኛል። በ2025 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በዚያ የሚሰበሰቡትን ሴቶች በድሮን ፎቶ ለመቁጠር ሞክረዋል። ችግሩ አንዲት ኤሊ ከአንድ ጊዜ በላይ ወጥታ ልትቆጠር፣ ሌላዋ ደግሞ ድሮኑ ሲያልፍ ውኃ ውስጥ ልትሆን መቻሏ ነው። ስለዚህ የ1,187 ኤሊዎችን ቅርፊት በነጭ ቀለም ምልክት አድርገው፣ ምልክት ያላቸው በፎቶዎቹ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚታዩ በማስላት ስህተቱን አርመዋል። በመሬት ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ወደ 16,000 ያህል ሲያገኙ፣ ፎቶዎቹ ሳይታረሙ ሲቆጠሩ 79,000 ያህል ሆነዋል። የታረመው ግምት 41,000 ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ቆጠራ የጥበቃ ሥራው ውጤት ማስገኘቱንና አለማስገኘቱን ከዓመት ዓመት ለመከታተል ያስፈልጋል።

የአስተኔው ዝርያዎች በሳይቴስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል። ይሁንና አብዛኛው አደን ለአካባቢው ገበያና ለቤት ፍጆታ የሚውል በመሆኑ ስምምነቱ ብቻውን አይበቃም። ግድቦች፣ የደን መመንጠርና የወንዞች የሙላት ወቅት መለዋወጥም ጎጆ በሌለበት ወቅት ሳይቀር ኤሊዎቹን ይነካሉ። የማግዳሌናና የማዳጋስካር ኤሊዎች የሚኖሩት እያንዳንዳቸው በአንድ አገር ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ከጠፉ ከሌላ ቦታ ሊተካቸው የሚችል የለም። የማዳጋስካሩ ኤሊ ከጠፋ ደግሞ አንድ ወገን ከነሙሉው ይጠፋል፤ በአንድ ወቅት አፍሪካን፣ አውሮፓንና እስያን ያዳረሰው አስተኔም በደቡብ አሜሪካ ብቻ ይወሰናል።